በር ከማንኳኳታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ፣ ታብሌት ይዛችሁ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ የምትወጡ ብዙ ናችሁ። ሶሲዮሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ሶሻል ወርክ ተምራችሁ በቀን አበል መረጃ የምትሰበስቡ ናችሁ። ሥራችሁ «ፎርም ማስሞላት» እየተባለ ሲቃለል እሰማለሁና ያሳዝነኛል። መሥሪያ ቤት በጀት ሲመድብ፣ የአውቶቡስ መስመር ሲዘረጋ፣ አዋጅ ሲያሻሽል የሚያየው ቁጥር የሚወለደው እናንተ የምታንኳኩት በር ላይ ነው። በር ላይ የተበላሸ ቁጥር ደግሞ ቢሮ ገብቶ አይድንም።

መጠይቅ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ማን ምን ያደርጋል? ተቃራኒው ቢሆንስ? ሁለቱም ወደ አንድ ድርጊት የሚያመሩ ከሆነ ጥናቱ ለፖሊሲ አይጠቅምም። በዚችው በአዲስ አበባ የተሠራ አንድ ጥናት እዚህ ላይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከመሀል ከተማ ራቅ ብለው የሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች በእጣ ተከፋፈሉ። አንዱ ክፍል ወደ መሀል ወርዶ ማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲያይ የትራንስፖርት ድጎማ አገኘ። ሌላው ማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ ዝግጅት ተማረ፣ ችሎታውም ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ሦስተኛው ክፍል ምንም ሳያገኝ ለማነጻጸሪያ ቆየ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለቱም እርዳታዎች መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድልን ከፍ አደረጉ። ጥናቱ እዚያ ቢያቆም ኖሮ መደምደሚያው «ሁለቱም እኩል ይሠራሉ» ይሆን ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ እነዚያው ወጣቶች ተፈልገው ሲጠየቁ ግን የድጎማው ውጤት ጠፍቶ ነበር፤ የሥልጠናውና የምስክር ወረቀቱ ውጤት ግን በገቢያቸው ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። ውሳኔውን የሚያዞረው ይህ የ4ኛ ዓመት ጥያቄ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የተጠያቂውን ስልክ ብቻ ሳይሆን የእናቱን፣ የጓደኛውንና የጎረቤቱን ስልክ መዝግቡ፤ ሲም ካርድ ይቀየራል፣ ተከራይም ቤት ይለቃል።

በፋብሪካ ሥራ ላይ የተሠራው ጥናትም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በአገራችን 5 ድርጅቶች ውስጥ ወደ 1,000 የሚጠጉ አመልካቾች በእጣ ተመድበው ሲታዩ፣ ሥራ ከተሰጣቸው ከ3ቱ 1 ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ ዓመቱ ሳያልቅ የለቀቁት 77 በመቶ ደረሱ። «ስንት የሥራ ዕድል ተፈጠረ?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ሪፖርት ይህን ፈጽሞ አያይም። «ከቀጠርናቸው ስንቱ በ12ኛው ወር አሉ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለከተማው ዳር ደግሞ ከመሬት ካሳ የበለጠ የሚቀርብ ጉዳይ የለም። በአዋጅ 455/1997 መሬቱ በቋሚነት የተወሰደበት ገበሬ ካሳው የሚሰላው ባለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። አዋጅ 1161/2011 ይህን ቀይሮ ባለፉት 3 ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ አደረገው፤ ለተነሺዎች መልሶ ማቋቋሚያም እንዲኖር ደነገገ። አዋጁን የለወጠው ጥናት ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ዙሪያ የተነሡ ገበሬዎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ከማረስ ሌላ ሙያ ለሌለው ሰው የተሰጠ ጥሬ ገንዘብ ቶሎ እንደሚያልቅ ደጋግመው ጽፈዋል። «ስንት ብር ተቀበሉ?» የሚለው ቁጥር በፋይል ውስጥም ይገኛል። እናንተ መጠየቅ ያለባችሁ ከ3 ዓመት በኋላ ቤቱ በምን እንደሚተዳደር ነው።

አሁን ወደ ናሙናው፣ ማለትም ከሁሉም መሀል ተመርጠው ወደሚጠየቁት ቤቶች ልግባ፤ ብዙ ጥናት የሚሰናከለው እዚህ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመባቸው ብዙ ቦታዎች ያኔ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበሩ። የድሮውን የቆጠራ ቦታ ካርታ እንዳለ ብትወስዱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከጥናቱ ይቀራል። የወረዳውን መዝገብ ብትወስዱም መታወቂያ ያላወጣው ተከራይ የለበትም። ወሰኑም ተለውጧል፤ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታና ገላን ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸውና የትብብር ደብዳቤ ከየትኛው አስተዳደር እንደሚወጣ አስቀድማችሁ አጣሩ። መድኃኒቱ አድካሚ ቢሆንም አንድ ነው፦ የተመረጠውን ቦታ በሳተላይት ምስል ከ150 እስከ 200 ቤት በሚይዝ ክፍል ከፍላችሁ፣ መጀመሪያ እያንዳንዱን በር መመዝገብ፤ እጣ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰርቪስ ቤቱን፣ ከሱቅ ጀርባ የሚታደርበትን ክፍል፣ ያላለቀ ሕንፃ የሚጠብቀውን ዘበኛ አትዝለሉ።

ስንት ቤት ይበቃል? መልሱን 95 በመቶ እርግጠኛ ሆናችሁ፣ በ5 ነጥብ ወዲህና ወዲያ ማወቅ ከፈለጋችሁ መነሻው 385 ነው። ይህ ግን ቤቶቹ ከየቦታው አንድ በአንድ ሲወጡ ነው። ከአንድ ሰፈር 20 ቤት ከወሰዳችሁ ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ አዲስ የምትማሩት ያንሳል። የመመሳሰሉ መጠን (0 ጭራሽ አለመመሳሰል፣ 1 ፍጹም አንድ መሆን ነው) 0.05 ቢሆን፣ ከ20 አንድ ቀንሳችሁ 19ን በ0.05 አባዝታችሁ 1 ስትደምሩ 1.95 ይመጣል፤ 385 ወደ 751 ያድጋል። 10 በመቶው በር የማይከፈት ከሆነ 835 በር መያዝ አለባችሁ። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ የቤቱ ቁጥር 4 እጥፍ እንደሚሆንም ለአሠሪዎቻችሁ ሳትፈሩ ንገሩ።

በኮንዶሚኒየም ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከ10 በር ብዙው ተዘግቶ ይገኛል። ያኔ ጎን ያለውን የተከፈተ በር ማንኳኳት ትልቅ ስህተት ነው። ቀን ቤት የሚገኙት አረጋውያን፣ ሕፃን የያዙ እናቶችና ሥራ የሌላቸው ናቸው፤ የተዘጋውን በእነሱ ብትተኩ የሥራ አጡ ቁጥር በራሱ ጊዜ ያብጣል። በተዘጋው በር ላይ 3 ጊዜ ተመለሱ፦ በሥራ ቀን ጠዋት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከቅዳሴ መልስ።

የቃላት ነገር ሰፊ ነው። «ቤተሰብዎ ስንት ነው?» ብትሉ ሰውየው ጎጃም ያሉትን እናቱን ይቆጥርና አብራው የምታድረውን የቤት ሠራተኛ ይተዋል። ቃሉ ዘመድንም ጎጆንም አንድ ላይ ስለያዘ ነው። «ከአንድ ድስት የሚበሉ፣ ባለፉት 6 ወራት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ያደሩ» በሉና ስማቸውን አንድ በአንድ ጻፉ። «ሥራ አለሽ?» ብትሏት ጉሊት የምትቸረችር ሴት «የለኝም» ትላለች፤ ለእሷ ሥራ ማለት የወር ደመወዝ ነው። «ባለፉት 7 ቀናት ለክፍያ ወይም ለትርፍ ቢያንስ 1 ሰዓት ምን ሠሩ?» ብላችሁ ጉሊትን፣ ልብስ አጠባን፣ የቀን ሥራን እየጠራችሁ ጠይቁ። በከተማው ዙሪያ ብዙ ሰው በአፋን ኦሮሞ ነው የሚያስበው፤ መጠይቁ ወደዚያ ተተርጉሞ፣ ዋናውን ባላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ተመልሶ መመሳከር አለበት፤ በር ላይ በቃል መተርጎም አይበቃም።

ሰዓትም ያሳስታል። «ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል እወጣለሁ» ያለውን በታብሌቱ 11:30 ብላችሁ ከጻፋችሁት ኮምፒዩተሩ ለምሳ የሚቃረብ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ ሰውየው ግን ጎህ ሳይቀድ ነው የሚወጣው። ከዚህ የሚወጣ የአውቶቡስ መርሐ ግብር ማንንም አይጭንም። የምግብ ጥናት ስትሠሩ ደግሞ በሁዳዴ የ7 ቀን ፍጆታ ብትጠይቁ በጾመኛ ቤት ሥጋና ወተት ዜሮ ይሆናል፤ ቀኑ የጾም መሆን አለመሆኑን የምትሞሉበት ሣጥን ይኑር፤ ናሙናውንም በወራት በትኑት። ቲማቲምና ሽንኩርት በመደብ ሲሸጥ ዋጋው ሳይለወጥ መደቡ ያንሳልና ትንሽ ሚዛን ይዛችሁ ገበያ ውረዱ። ይህን ችላ ያለ ጥናት የኑሮ ውድነቱን አያየውም።

ስለ ፍርሃት አጥብቄ ልናገር። የጨረቃ ቤት ነዋሪ ታብሌት ሲያይ የሚያስበው አፍራሽ ግብረ ኃይል ነው፤ ሌላው ደግሞ ለቤት ወይም ለሴፍቲኔት ልትመዘግቡት የመጣችሁ ይመስለዋል። አንደኛው ቤቱን ይደብቃል፣ ሁለተኛው ገቢውን። ከወረዳ ሠራተኛ ጋር ጎን ለጎን ሆናችሁ በር አትድረሱ። ጥናቱ ቤት እንደማያሰጥም እንደማያስነሣም በግልጽ ተናገሩ። የቤቱን የጂፒኤስ ነጥብ ከስም ለይታችሁ በሌላ ፋይል ቆልፉ፤ ጥሬውን ፋይል የትኛውም አስተዳደር ቢጠይቅ አትስጡ። የሰው ጣሪያ የሚፈርስበትን ካርታ ሳናውቅ ሠርተን ማስረከብ እንችላለን፤ ከዚህ የከፋ በደል በሙያችን ውስጥ አላውቅም።

ጥያቄን ባማረ ቃል ለመለወጥ አትቸኩሉ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ከ1992 ጀምሮ ስለ ልጆች ሞት በተመሳሳይ መንገድ እየጠየቀ ስለመጣ ነው ከ1,000 ሕፃናት 5 ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1992 ከነበረበት 166 በ2008 ወደ 67 እንደወረደ በልበ ሙሉነት የምንናገረው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ምክር ቤት የሚያጸድቀው በሰኔ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ግን ዕቅዳቸውን ወራት ቀድመው ነው የሚያዘጋጁት። በሰኔ ያለቀ ሪፖርት ለዚያ ዓመት አርፍዷል። መረጃውን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰብስባችሁ ጥር ላይ ባለ 2 ገጽ ማስታወሻ አድርሱ፤ ለአዲስ አበባ በአማርኛ፣ ለሸገር በአፋን ኦሮሞ። ከላይ ውጤቱን፣ ቀጥሎ ለአንድ ቤት ወይም ለአንድ ሰው የሚያስወጣውን ወጪ ጻፉ። ስህተቱንም በሰው ቋንቋ አስቀምጡት፦ «ከ100 ቤት 30 ገደማ፤ ዝቅ ቢል 26፣ ከፍ ቢል 34»። ማስታወሻውን ለኃላፊው ብቻ አትስጡ። ኃላፊ ይቀያየራል፤ ዕቅዱን የሚያረቀው ባለሙያ ግን ይቆያል። ከእሱ ጋር አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ ሠንጠረዡን አብራችሁ አንብቡት።

ከዚያም ወደ ሰፈሩ ተመለሱ። የዕድሩን ሊቀመንበር አስፈቅዳችሁ፣ በወርኃዊው ስብሰባ መጨረሻ 20 ደቂቃ ብቻ ለምኑ። ሦስት አራት ቁጥር ይበቃል። «ይሄ የእኛን ሰፈር አይመስልም» የሚል ሰው ከተነሣ መከራከሩን ትታችሁ የትኛውን ቤት እያሰበ እንደሆነ ጠይቁት፤ ሳትመዘግቡት ያለፋችሁት በር ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው።