ለስሊቭ ኢስታንቡል ልሂድ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ከለገጣፎ ሆነሽ «ለስሊቭ፣ ክብደት ለመቀነስ ለሚደረገው የጨጓራ ኦፕራሲዮን፣ ኢስታንቡል ልሂድ ወይ? ደላላው በአምስተኛው ቀን ቤትሽ ነሽ ብሎኛል» ብለሻል። እኔን የሚያሳስበኝ ከተመለስሽ በኋላ ያለው ነው።

በስሊቭ ከጨጓራ 80 በመቶ ገደማው ተቆርጦ ይወጣል። ስፌቱ ካፈሰሰ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ አልለቅ የሚል የሆድ ሕመም ይመጣል። ያኔ በሌሊት ከለገጣፎ ማን ያደርስሻል? ማንስ ይቀበልሻል? ስለዚህ ሳትሄጂ አዲስ አበባ ላይ የሚከታተልሽ ሰርጅን ያዢ። «እሺ፣ እኔ አይሻለሁ» የሚልሽ ካላገኘሽ ትኬት አትቁረጪ፣ እባክሽ።

በረራውም ቀላል አይደለም። ከኦፕራሲዮን በኋላ ደም እግር ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ ለሰዓታት መቀመጥ ያባብሰዋል። መቼ መብረር እንደምትችዪና የደም ማቅጠኛ ያስፈልግሽ እንደሆነ ሐኪሙን ራሱን ጠይቂ፣ ደላላውን አይደለም።

ምግቡ መጀመሪያ ፈሳሽ ነው፣ ከዚያ የላመ። እንጀራ ይቆያል። ጿሚ ከሆንሽ ፕሮቲን ከየት እንደምታገኚ ከአሁኑ አስቢበት፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ምስር ያጠግብሻል፣ ግን አይበቃሽም። ቫይታሚኑ፣ በተለይ ቢ12 እና አይረን፣ የዕድሜ ልክ ነው። ሰፈርሽ ካለው ፋርማሲ ገብተሽ ዋጋውን ዛሬውኑ ጠይቂ።

ደግሞ የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት በእንግሊዝኛ ሳይሰጡሽ ከሆስፒታሉ እንዳትወጪ።