የፋይል ኦፍሴት 32 ቢት ይሁን ወይስ 64?

ጥያቄ፦ ሰላም! ድምፅ መቅጃ መሣሪያ እየሠራን ነው። ፕሮሰሰሩ 32 ቢት የአርም ማይክሮኮንትሮለር ነው፣ ቅጂው የሚቀመጠው ኤስዲ ካርድ ላይ። የሲ ላይብረሪያችን ኦፍ-ቲ የሚባለውን የፋይል ኦፍሴት ዓይነት 32 ወይም 64 ቢት አድርገን እንድንገነባው ይፈቅዳል። ግማሾቻችን «ፕሮሰሰሩ 32 ቢት ሆኖ 64 ምን ያደርጋል? ብክነት ነው» እንላለን። የቱን እንምረጥ?

መልስ፦ 64 አድርጉት።

የፕሮሰሰሩ ስፋት እዚህ ጋ አይገባም። ኦፍሴት ፋይሉ ውስጥ ስንተኛው ባይት ላይ እንዳላችሁ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ስለዚህ መጠኑን የሚወስነው የምትጽፉት ፋይል ነው። ኦፍ-ቲ ወደ ኋላ ለመሄድም ስለሚያገለግል ኔጌቲቭ ቁጥር ይይዛል፣ በዚህ ምክንያት 32 ቢቱ የሚቆጥረው እስከ 2,147,483,647 ብቻ ነው። አሁን እናንተ ስቴሪዮ፣ 16 ቢት፣ በሰከንድ 48,000 ናሙና ትቀዳላችሁ እንበል። በሰከንድ 192,000 ባይት ማለት ነው፣ ገደቡም ከ3 ሰዓት ከ6 ደቂቃ በኋላ ይመጣል። አሥር አሥር ደቂቃ እየቀዳችሁ ስትሞክሩት ምንም አይታያችሁም፤ የሚያገኘው ረጅም ስብሰባ የሚቀዳው ደንበኛችሁ ነው፣ እሱ ደግሞ ያንን ስብሰባ እንደገና ማስደገም አይችልም።

ወጪው ትንሽ ነው። መደመር ከአንድ መመሪያ ወደ ሁለት ይሄዳል፣ እያንዳንዱ የተቀመጠ ኦፍሴት 4 ባይት ይጨምራል። ከበድ የሚለው ማካፈል ነው፤ ፕሮሰሰሩ የ64 ቢት ማካፈያ ስለሌለው ኮምፓይለሩ ረዳት ፋንክሽን ያስገባል። ብሎካችሁ 512 ባይት ከሆነ ግን በ9 ቢት ሺፍት አድርጉትና ገላገላችሁ። ደግሞ ኢንተራፕት (ዋናውን ኮድ አቋርጦ የሚገባ ኮድ) ውስጥ ያንኑ ኦፍሴት የምትነኩ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ሁለቱ ግማሾች ለየብቻ ስለሚጻፉ መሃል ላይ ገብቶ ግማሽ አሮጌ ግማሽ አዲስ ቁጥር ሊያነብ ይችላል።

አጥብቄ የምለምናችሁ ግን ሌላ ነገር ነው፦ የመረጣችሁትን ሁሉም ኮድ ላይ አንድ አድርጉት። ላይብረሪው በ64፣ አፕሊኬሽኑ በ32 ተገንብቶ ኤልሲክን (ፋይል ውስጥ ቦታ የሚቀይረውን ፋንክሽን) ቢጠራ ምን እንደሚሆን እዩ። ጠሪው ኦፍሴቱን አር1 በሚባለው የፕሮሰሰሩ ሬጅስተር ላይ፣ መነሻውን (ኦፍሴቱ ከየት እንደሚቆጠር የሚናገረውን) አር2 ላይ ያስቀምጣል። ተጠሪው ደግሞ በአርም ደንብ መሠረት 64 ቢቱን ኦፍሴት አር2 እና አር3 ላይ ይፈልጋል። መነሻው እንደ ኦፍሴት ተነበበ ማለት ነው! የሲ ስሞች ዓይነት ስለማይዙ የተገነቡትን ክፍሎች የሚያገናኘው ሊንከር ትንፍሽ አይልም። ስለዚህ የኦፍ-ቲ መጠን 8 ባይት መሆኑን የሚያረጋግጥ ስታቲክ አሰርት (ኮዱ ሲገነባ የሚፈተሽ ሁኔታ) በየሞጁሉ ጨምሩ፣ አንድ መስመር ነው።

64 ስላደረጋችሁ ሁሉም ገደብ ተነሳ ማለትም አይደለም። ፋት32 የሚባለው የካርድ ፋይል ሲስተም አንድን ፋይል 4 ጊጋባይት ሊሞላ አንድ ባይት ሲቀረው ያቆመዋል፣ የዌቭ ፋይል ሄደር መጠኑን የሚይዝበት ቦታም 32 ቢት ነው። ቅጂውን ከዚያ በፊት ወደ አዲስ ፋይል ቁረጡት።

32 የሚበቃበት ጊዜ አለ? አዎ፣ ማከማቻው ቦርዱ ላይ የተበየደ ጥቂት ሜጋባይት ፍላሽ ከሆነና መቼም ካርድ የማይሰካበት ከሆነ።

ጥያቄ፦ 32 ቢት ሊኑክስ ቦርድ ላይ፣ በጂሊብሲ (የሊኑክስ የተለመደ የሲ ላይብረሪ)፣ 3 ጊጋባይት ፋይል አልከፈትም አለን። ኢኦቨርፍሎው የሚል ስህተት ይሰጣል።

መልስ፦ ፋይል-ኦፍሴት-ቢትስ የሚባለውን ማክሮ 64 አድርጋችሁ ኮዳችሁን በሙሉ እንደገና ገንቡ፣ ኦፍ-ቲን በሄደሮቻቸው የሚያሳዩ ላይብረሪዎችንም ጭምር። ሙስል በሚባለው ሌላ የሲ ላይብረሪ ላይ ቢሆን ይህ አያስፈልግም ነበር፣ እዚያ ኦፍ-ቲ ሁልጊዜ 64 ቢት ነው። ፋይል ውስጥ ቦታ የሚቀይረው ኤፍሲክና ቦታውን የሚናገረው ኤፍቴል ግን ሎንግ ስለሚጠቀሙ ቦርዳችሁ ላይ 32 ቢት እንደሆኑ ይቀራሉ፤ በኤፍሲክኦ እና በኤፍቴልኦ ተኳቸው። ቁጥሩን ስታትሙ ወደ ሎንግ ሎንግ ቀይሩት። ለ2038ቱ (እ.ኤ.አ.) የሰዓት ችግር፣ ማለትም 32 ቢት የጊዜ ቁጥር በዚያ ዓመት ስለሚሞላ፣ ጂሊብሲ ከ2.34 ጀምሮ 64 ቢት ጊዜ ይሰጣል፣ እሱም ይህንኑ ማክሮ 64 ካላደረጋችሁ አይሠራም፤ እግረ መንገዳችሁን ሁለቱንም አብራችሁ ክፈቱ።