ድሬ ስትመጡ ከዚራ እደሩ

ሰላም ወገኖቼ፣ በተለይ ከውጭ ለእረፍት ወደ ድሬዳዋ ልትሄዱ ትኬት እየፈለጋችሁ ያላችሁ። ስለ ማረፊያ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ሰፋ አድርጌ ልፃፈው ብዬ ነው። ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ ኑሮዬ ውጭ ቢሆንም እመላለሳለሁ። ሀሳቤ ባጭሩ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ወይ እዛው አካባቢ ደህና መካከለኛ ሆቴል ያዙ ነው፣ ውድ ሪዞርት አያስፈልጋችሁም፣ ዘመድ ቤትም አትደሩ።

ዘመድ ቤት አትደሩ ስላችሁ የምትቆጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ ግን አስቡት። ለናንተ ሲባል አልጋቸውን ለቀው እነሱ ሳሎን ፍራሽ አንጥፈው ነው የሚተኙት፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ በበርሜል ያጠራቀሙትን ውሃ ልጆቻችሁ በሁለት ቀን ሻወር ይጨርሱታል፣ እነሱም አፍ አውጥተው አይናገሩም። ሰው ሊጠይቃችሁ ሲመጣ ያ ሁሉ ቡናና ምሳ በነሱ ኪስ ነው። ኑሮው እንዴት እንደተወደደ ታውቁታላችሁ፣ ይሄን ሸክም በፍቅር ስም መጫን ልክ አይደለም።

ዋናው ጥያቄ እንዴት ይነገራቸው ነው። አክስቴ መጀመሪያ ስነግራት "እኔ ሞቼ ነው እንዴ ሆቴል የምታድሪው?" ነው ያለችኝ። የኛ ሰው ይሄን እንደ ንቀት ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ ሻንጣ ይዛችሁ ደጃፍ ቆማችሁ አትንገሩ፣ ገና ከዛ ሳትነሱ ደውሉና ምክንያቱን ንገሩ፣ ልጆቹ ሰዓቱ ተዛብቶባቸው ሌሊት ይነሳሉ፣ እኔም በኢንተርኔት የምሰራው ስራ አለብኝ በሉ፣ እውነትም ነው። ከኤርፖርት ደግሞ ቀጥታ ሆቴል እንዳትገቡ! ከነሻንጣችሁ መጀመሪያ እነሱ ቤት ሂዱ፣ ምሳ ብሉ፣ ቡናው እስከ በረካው ይጠጣ፣ ያመጣችሁትን ስጡ፣ ማታ ላይ ሆቴል ትገባላችሁ። ይሄ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ቅያሜው አመት አይለቅም። በነጋታው ትልልቆቹን ሆቴል ቁርስ ጋብዟቸው፣ የት እንዳረፋችሁ በአይናቸው ሲያዩ ልባቸው ያርፋል። ለአስቤዛ የሚሆን ነገርም ለቤቱ እመቤት በእጇ ስጡ፣ ሰው ፊት አይሁን።

ከዚራን ለምን መረጥሽ ለምትሉኝ፣ ድሬ ላይ ቀን ለሁለት ይከፈላል። ጠዋት ይሰራል፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ፀሀዩ ሲከር ብዙው ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ስር ይቀመጣል፣ ከአስር ሰዓት ወዲያ ከተማው እንደገና ይነሳል። እና ቀትር ላይ ክፍላችሁ ተመልሳችሁ ታጥባችሁ ጋደም ማለት መቻል አለባችሁ፣ ራቅ ያለ ቦታ ከያዛችሁ ግን በዛ ሙቀት ትንከራተታላችሁ። ሳቢያን ሰፈር በኩልም ጥሩ ጥሩ ሆቴሎች አሉ፣ ለመኪና ባለቤት ምንም አይልም፣ ለሌላው ግን በየወጣ ገባው ባጃጅ ነው። ከዚራ በ1902 እ.ኤ.አ. የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ ፈረንሳዮች በፕላን ያወጡት ሰፈር ስለሆነ መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፉ ጥላ ነው፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ በእግር ነው፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ሰፈርና ቀፊራ ገበያ ትገባላችሁ፣ ሳምቡሳው፣ ጣፋጩ ሙሸበክ፣ ጠዋት ፉሉ፣ ሁሉም ቅርብ ነው።

ደቻቱን ካነሳሁ፣ ወንዙ አብዛኛውን አመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በውስጡ ያቋርጣል። ክረምት ላይ ግን እናንተ ጋ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በድንገት ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደብን። ልጆቻችሁን አስጠንቅቁ፣ በድልድይ ተሻገሩ።

አሁን ወደ ክፍሉ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉን ልይ በሉ፣ ማንም አይቀየምም። ላይኛው ፎቅ አትያዙ፣ ጣሪያው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሀይ ሌሊት ይተፋዋል፣ መሀል ፎቅ ይሻላል፣ መስኮቱም ወደ ጓሮ ቢሆን ከባጃጅ ጩኸት ትገላገላላችሁ። ኤሲውን አስነሱና እዛው ቆማችሁ ቀዝቃዛ አየር እስኪመጣ ጠብቁ። ከዛ ይሄን ጥያቄ እንዳትረሱ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ኤሲውን ያስነሳል ወይስ አምፖል ብቻ ነው? ብዙ ቦታ ጄኔሬተር አለን ይሏችሁና ማታ በግንቦት ሙቀት አምፖል እያያችሁ ታድራላችሁ። ሻወሩን ክፈቱት፣ የድሬ ውሃ ድንጋያማ ነው፣ ቀዳዳዎቹ በነጭ ነገር ተደፍነው ውሃው በሶስት መስመር ብቻ ወደ ግድግዳ ሲረጭ ታያላችሁ፣ ንገሯቸው ይቀይሩታል። ሳሙና በደንብ አይዝም፣ ፀጉርም ያደርቃል፣ ሴቶች ኮንዲሽነር ያዙ። አዳራሽ ያለው ሆቴል ከሆነ ደግሞ በነዚህ ቀናት ሰርግ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካለ እንቅልፍ የለም።

ትንኝን አቅልላችሁ አትዩ በናታችሁ። በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ የሚባሉት የትኩሳት በሽታዎች ድሬ ውስጥ ገብተው ስንቱን ቤት አልጋ ላይ ጥለዋል፣ በ2022 ደግሞ ወባው ከተማ መሀል በሚራባ አዲስ አይነት ትንኝ ተነሳ። ሁሉም ከተጠራቀመ ውሃ ጋር የተያያዘ ነው፣ ከበርሜሉና ከታንከሩ። የዴንጊና የቺኩንጉንያዋ ትንኝ ደግሞ በቀን ነው የምትነድፈው፣ አጎበር ብቻ አያድናችሁም፣ ጠዋትም ቅባት ተቀቡ። የመስኮቱ ወንፊት ቀዳዳ ካለው ክፍል ቀይሩልኝ በሉ። ስትመለሱ ትኩሳት ከያዛችሁ ለሀኪማችሁ ድሬዳዋ ነበርኩ በሉት፣ የውጭ ሀኪም በራሱ አይጠረጥርም።

ዋጋ ላይ፣ የሚነገራችሁ ብር 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ያለበት መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ካልሆነ ቼክ አውት ስታደርጉ ሂሳቡ ሩብ ያህል ጨምሮ ይጠብቃችኋል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ስለሚተመን አምና የሄደ ሰው የነገራችሁን ዋጋ እርሱት። ኦንላይን በዶላር ከመክፈል በፊት ደውላችሁ በአማርኛ ጠይቁ፣ በቀጥታ ሲያዝ ሊቀንስላችሁ ይችላል፣ ብዙ ቀን የምትቆዩ ከሆነማ የግድ ተነጋገሩ። የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ። ፓስፖርታችሁን ኮፒ ያድርጉ እንጂ ሪሴፕሽን ትታችሁ አትውጡ።

ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግስ ነው፣ በነዛ ሰሞን ድሬም ሀረርም አልጋ አይገኝም፣ ከተገኘም ዋጋው ሌላ ነው። ስለት ያላችሁ ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ የሌላችሁ ቀኑን ሽሹት። ሙቀት የማትችሉ ደግሞ ከህዳር እስከ ጥር ባለው ኑ፣ ግንቦትና ሰኔ ልጅ ይዞ መምጣት ይከብዳል።

ሀረር በደንገጎ ወጥታችሁ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ ይቻላል ግን ጀጎል ውስጥ የሀረሪ ቤት እንግዳ ማረፊያ አንድ ሌሊት ብታድሩ ደስ ይላችኋል፣ ትላልቁን ሻንጣ ድሬ ሆቴላችሁ አደራ በሏቸው፣ ያስቀምጡላችኋል። ማታ ማታ ሹራብ ያዙ፣ ሀረር ከድሬ በጣም ነው የሚቀዘቅዘው።

ከአሜሪካ የምትመጡ፣ ድሬ ያለው መብራት 220 ቮልት ነው፣ ስልክና ላፕቶፕ ችግር የለውም ሶኬት መቀየሪያ ይበቃል፣ ፒያስትራና የፀጉር ማድረቂያችሁን ግን ቤት ተዉት፣ ያቃጥልባችኋል።