0.5 ሲያይ «ተመለሰ» አለኝ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ይህን የምጽፈው ባለቤቴ ተኝቶ ነው። 67 ዓመቱ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘበት። ቀዶ ሕክምና አላደረገም፤ ጨረር ነው የተሰጠው። ከጨረሩ ጋር ለሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ የሆርሞን መርፌ ሲወጋ ቆየ። የመጨረሻውን ከተወጋ 11 ወር ሆነው።

በመርፌው ጊዜ የፒኤስኤ (ለፕሮስቴት የሚደረገው የደም ምርመራ) ውጤቱ ሁልጊዜ 0.02 ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ይሸኘናል። መርፌው ካበቃ በኋላ 0.1 ሆነ። ቀጥሎ 0.3። ባለፈው ሳምንት ደግሞ 0.5። ውጤቱን ያየው ማታ በስልኩ ነው፣ ብቻውን። መጥቶ «ተመለሰ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የፈራው ዝም ብሎ አይደለም። አብሮት ይሠራ የነበረ ጓደኛው ፕሮስቴቱ በቀዶ ሕክምና ወጥቶለት ነበር። ውጤቱ 0.2 ሲገባ «ካንሰሩ ተመልሷል» ተባለ። ባለቤቴ ያቺን ቁጥር አይረሳትም። የእሱ ደግሞ ከእጥፍ በላይ ሆነ። አሁን «መርፌውን መልሰው ይስጡኝ» የሚል ሐሳብ ይዞታል። ቀጠሮው ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።

ሌላም የከበደኝ ነገር አለ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የማላውቀው ሰው ሆነብኝ። ሌሊት ላብ በላብ ሆኖ ይነሳል፤ አንሶላ እንቀይራለን። እኔ የወር አበባዬ ሲቋረጥ ያየሁትን ሙቀት እሱ ላይ አየሁት። ዜና እያየ ያለቅሳል፤ አልቃሽ ሰው አልነበረም። ከዚያ ትራሱን ይዞ ሌላ ክፍል መተኛት ጀመረ። «ላቤ እንዳይረብሽሽ ነው» አለኝ። ግን ቀን እጁን ስይዘው እንኳ ይደነግጣል። 34 ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ሆነን አናውቅም። መርፌው ሲቆም ይመለሳል ብዬ ቀን እቆጥር ነበር። 11 ወር አለፈ፤ ትራሱ ግን አሁንም እዚያው ነው።

ልጆቻችን እንዲሰሙ አይፈልግም። ምርመራ ሲደርስ እንቅልፍ የለውም፤ በረባ ባልረባው እንጋጫለን።

በእርግጥ ተመልሶበታል? እኔስ እንዴት ልሁን?

የጨነቃት ሚስት

*

እህቴ፣

ከቁጥሩ ልጀምር። በጻፉልኝ ብቻ ከሆነ፣ 0.5 ማለት ካንሰሩ ተመለሰ ማለት አይደለም። አልተመለሰም ብዬ ማረጋገጫ ልሰጥዎ ግን አልችልም፤ ያንን የሚሉት የሚከታተሏቸው ሐኪም ናቸው። እኔ የታየኝ አንድ ነገር ነው። ባለቤትዎ የፈሩት የጓደኛቸውን ቁጥር ነው።

ፒኤስኤ የፕሮስቴት ሴሎች የሚሠሩት ፕሮቲን ነው። የታመሙትም ጤነኞቹም ይሠሩታል። የጓደኛቸው ፕሮስቴት ወጥቷል። ስለዚህ ደማቸው ውስጥ ፒኤስኤ መታየት የለበትም። 0.2 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ «ተመልሷል» የሚባለው ለዚህ ነው። የባለቤትዎ ፕሮስቴት ግን እዚያው ቦታው ላይ ነው። ከጨረሩ የተረፉ ጤነኛ ሴሎች ይኖሩበታል። እነዚህ ሴሎች የሚንቀሳቀሱት በወንዶች ሆርሞን፣ በቴስቶስቴሮን ነው። መርፌው ቴስቶስቴሮኑን ዘግቶት ስለነበር እነሱም ጸጥ ብለው ነበር። ያ 0.02 የጨረሩ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ የመርፌውም ነው። መርፌው ከሰውነት ሲወጣ ቴስቶስቴሮን ቀስ እያለ ይመለሳል፣ ሴሎቹ ይነቃሉ፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። መርፌው ያበቃ ዕለት ቁጭ አድርጎ የሚነግራችሁ ሰው ሊኖር ይገባ ነበር። ያንን ሌሊት ሳስበው ያናድደኛል።

ለዚህም ነው ከጨረር በኋላ «ተመልሷል» የሚባልበት መለኪያ የተለየው። ፒኤስኤው በጣም ዝቅ ካለበት ቁጥር ላይ 2 ይደመራል። የእሳቸው ዝቅተኛ 0.02 ከነበረ መስመሩ 2.02 ነው ማለት ነው። 0.5 ከዚያ ገና ሩቅ ነው። ከጨረር በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ ከፍ ብሎ፣ ምንም ሳይደረግለት ተመልሶ የሚወርድበት ጊዜም አለ።

እንደዚያ ስል ዝም ብለው ይቀመጡ ማለቴ አይደለም። ሐኪሞች ከአንድ ቁጥር ይልቅ አካሄዱን ነው የሚያዩት። ከፍ ብሎ ይረጋል ወይስ መሮጡን ይቀጥላል? በስንት ወሩ እጥፍ ይሆናል? ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ደውላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፤ በሚቀጥለው ደም ላይ ከፒኤስኤው ጋር ቴስቶስቴሮንም ይለካ። ቴስቶስቴሮኑ ተመልሶ ከሆነ የፒኤስኤው መነሳት ምክንያት አለው። ቴስቶስቴሮኑ አሁንም በጣም ዝቅተኛ ሆኖ ፒኤስኤው ብቻውን እየወጣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሐኪሙ ቶሎ ሊያውቁት ይገባል።

መርፌው ይመለስልኝ ማለታቸው ይገባኛል። መርፌው ቁጥሩን ያወርዳል፤ ዓይን የሚያየው ያንን ነው። ግን አሁን ቢወጉ ቁጥሩ የወጣው ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ ይሸፈናል። መርፌው ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ አጥንት ያሳሳል፣ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ለስኳርና ለልብ ሕመም ያጋልጣል። ከጨረር ጋር ሁለት ዓመት መወጋት ራሱን የቻለ ሙሉ ሕክምና ነው። ያቆሙት ስላበቃ ነው።

ለምርመራው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ላቦራቶሪ ይሂዱ፤ መሣሪያ ሲለያይ ቁጥርም ይለያያል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ካለ ፒኤስኤን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል አስቀድመው ይናገሩ። ደም ከመስጠታቸው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ግንኙነትም ብስክሌትም ይቅር። ለፀጉርና ለጥፍር ተብለው የሚሸጡ ባዮቲን ያለባቸው ቫይታሚኖች አንዳንድ የደም ምርመራዎችን ያዛባሉ፤ የሚወስዱ ከሆነ ይንገሯቸው። አንድ ደብተር ያዙና ቀኑን፣ ፒኤስኤውን፣ ቴስቶስቴሮኑን፣ የመጨረሻውን መርፌ ቀን ጻፉበት። ደሙን ከቀጠሮው ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ይስጡ። ውጤቱን ግን ሐኪሙ ፊት፣ ሁለታችሁ አብራችሁ ክፈቱት። በሌሊት፣ በስልክ፣ ብቻ መሆን ይብቃ።

አሁን ወደ ትራሱ።

ቻርልስ ሃጊንስ የሚባሉ ሐኪም በ1941 ቴስቶስቴሮን ሲቀንስ የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር እንደሚያፈገፍግ አሳዩ፤ በ1966 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙበት። የዛሬው መርፌም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። ቴስቶስቴሮን ግን ለካንሰሩ ብቻ የሚውል አይደለም። ፍላጎት፣ ጉልበትና ስሜት ሁሉ ከእሱ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሙቀቱም፣ ላቡም፣ እንባውም የመጣው ከዚያ ነው። እርስዎ ያንን ሙቀት በራስዎ ሰውነት ያውቁታል። ንገሯቸው። ብዙ ወንዶች ይህን ለማንም ሳያወሩ ብቻቸውን ይሸከሙታል።

ሲነኳቸው የሚደነግጡት፣ ይመስለኛል፣ ንክኪው ወዴት ሊሄድ ነው ብለው ስለሚሰጉ ነው። ሊፈጽሙት የማይችሉትን ነገር የጀመሩ ይመስላቸዋል። እንዲህ ይበሏቸው፦ «እጅህን የያዝኩት እጅህን ልይዝ ነው። ከዚያ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።» ቃል በቃል ይበሉት። ለሐኪሙም ስለ ግንኙነት ጉዳይ ያለ ሐፍረት ይነሳ። ለብልት መቆም የሚረዱ መድኃኒቶች አሉ፤ ፍላጎትን ግን አይመልሱም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ከብስጭት ያድናል።

ስለ 11 ወሩም ልበል። የመጨረሻው መርፌ ራሱ ሦስት ወር ይሠራል። ስለዚህ በእውነቱ ያለፈው 8 ወር ነው። በእሳቸው ዕድሜ፣ ከሁለት ዓመት መርፌ በኋላ፣ ሆርሞኑ ለመመለስ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሙሉ በሙሉ የማይመለስላቸውም አሉ። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፣ ግን ቀን እየቆጠሩ እንዲሰበሩ አልፈልግም።

ለድካሙ የሚሻለው፣ ለማመን ቢከብድም፣ መንቀሳቀስ ነው። መራመድ ብቻ ሳይሆን ክብደት ማንሳትም ይጨመር። የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ተደርጎላቸው ካልሆነ ይጠይቁ። ቀኑን ሙሉ የሚከፋቸው ከሆነና ይህ ሁለት ሳምንት ካለፈው ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። አዲስ የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንት መያዝ አለመቻል ቢመጣ ግን ያንኑ ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሦስት ሳምንት አይጠበቅም።

ልጆቹን በሚመለከት አይጫኗቸው። መጀመሪያ በእናንተ በሁለታችሁ መካከል ይነገር። ለእኔ የጻፉትን ደብዳቤ ለእሳቸው ያንብቡላቸው፤ በተለይ ስለ ትራሱ ያለውን።