60 ሺህ ብሩን ተቀብለን እንፈርም?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አዳማ ውስጥ የሰው ባጃጅ ይዞ፣ ለባለንብረቱ ገቢ እያስገባ ነበር የሚሠራው። ዕድሜው 34 ነው። ከ7 ወር በፊት ማታ 4 ሰዓት ገደማ ፍራንኮ አካባቢ ዳር ይዞ ተሳፋሪ ሲያወርድ አንድ ፒክአፕ ከኋላ መጥቶ ገጨው። ሹፌሩ መቆም እስኪያቅተው ጠጥቶ ነበር። የባለቤቴ ቀኝ እግር ሁለት ቦታ ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል። እስካሁን በክራንች ነው የሚሄደው። መኪናው የሹፌሩ ሳይሆን የአማቱ ነው። እሳቸው «እኔ አልነዳሁም» ይላሉ። ኢንሹራንሱ ደግሞ «ሹፌሩ ሰክሮ ስለነበር አንከፍልም» ብሎ መለሰን። ባለፈው ሳምንት ሽማግሌዎች 60 ሺህ ብርና «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለንም» የሚል ወረቀት ይዘው መጡ። ሁለት ልጆች አሉን፤ የሦስት ወር የቤት ኪራይም አለብን። እንፈርም?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ለባለቤትዎ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ያንን ወረቀት ግን አትፈርሙ።

ኪራይ ሦስት ወር ሲከማች 60 ሺህ ብር ምን ያህል እንደሚያጓጓ ይገባኛል። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3312 መሠረት ሰዎች ክርክራቸውን በስምምነት ሲጨርሱ ስምምነቱ ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ነገ እግሩ ቢበላሽ፣ ሌላ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ፣ «ፈርማችሁ ጨርሳችኋል» ትባላላችሁ። እንዲህ የፈረመ ሰው ዓመት ቆይቶ ቢሮዬ ሲመጣ ከማዘን በቀር የማደርግለት ብዙ የለኝም።

ሽማግሌ አይባረርም። በክብር አስተናግዷቸውና እንዲህ በሏቸው፦ «ገንዘቡን እንቀበላለን፣ ወረቀቱ ግን ይስተካከል።» በአዲሱ ወረቀት ላይ «ይህ ገንዘብ ለሕክምናና ለቀለብ በቅድሚያ የተከፈለ ነው፤ ወደፊት ከሚወሰነው ካሳ ላይ ይታሰባል፤ ቀሪውን ካሳ የመጠየቅ መብት የተጠበቀ ነው» ተብሎ ይጻፍ። በዚህ መልክ ከሆነ ባለቤትዎ ይፈርሙ። ከልብ ለመርዳት የመጣ ሰው ይህንን አይጠላም። ሹፌሩም ይጠቀማል። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 82 ጥፋተኛው ተጸጽቶ ያደረሰውን ጉዳት ለመካስ መሞከሩን እንደ ቅጣት ማቅለያ ያየዋል። ሽማግሌዎቹን ያስቸኮላቸውም ይኸው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ባለመኪናው ልምጣ። «እኔ አልነዳሁም» ማለታቸው እውነት ነው፤ ከኃላፊነት ግን አያድናቸውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮችም የዚሁ ሕግ ናቸው) የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ይጠየቃል። ማምለጫው መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት ነው። ለአማች የተሰጠ መኪና ደግሞ ተሰረቀ አይባልም። ብቻ ሊብሬው በማን ስም እንዳለ መጀመሪያ አጣሩ። በእኛ አገር መኪና በውክልና ብቻ ተሸጦ ስሙ ሳይዞር ዓመታት ይቆያል።

ኢንሹራንሱ የሰጣችሁ መልስ በጣም አናዶኛል። ባለመኪናው የመኪናዬን ጥገና ክፈሉልኝ ቢል፣ እንደ ውሉ «ሹፌርህ ጠጥቶ ነበር» ሊሉት ይችላሉ። ያ የሁለቱ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ግን የተሠራው መንገድ ላይ ለተጎዳ ሰው ነው። የሹፌሩ ስካር የባለቤትዎን መብት አያስቀርም። ኩባንያው ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ከደንበኛው ጋር ይተሳሰብ። ስለዚህ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ገቢ የተደረገበትን ቀን በቅጂው ላይ አስመቱ፣ እምቢ ካሉም ምክንያቱን በደብዳቤ ጠይቁ። በቃል «አንከፍልም» ያለ ሰው ጻፍ ሲባል ብዙ ጊዜ ይለሳለሳል።

መድኑ የሚከፍለው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ባለመኪናውና ሹፌሩ ይሸፍናሉ። «ኢንሹራንሱ የሰጠኝ ይህን ብቻ ነው» ብሎ ቀሪውን የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ እናንተ እንዳትተዉት። ክሱን በሹፌሩ፣ በባለመኪናውና በኢንሹራንሱ ላይ በአንድ መዝገብ አቅርቡ።

ስካሩን ማስረዳት ታዲያ ለምን ያስፈልጋል? በእናንተ ጉዳይ ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ባጃጅም በሕግ ዓይን ተሽከርካሪ ነው። ቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል። ግምቱ ካልፈረሰ ካሳው በግማሽ ሊቀነስባችሁ ይችላል። የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሹፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ ባጃጁ ዳር ይዞ መቆሙንና የፒክአፑ ሹፌር መስከሩን በደንብ አስረዱ። ትራፊክ ፖሊሱ ያነሳው ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ)፣ የትንፋሽ ወይም የደም ምርመራ ተደርጎ ከሆነ ውጤቱ፣ ያን ዕለት የተገኙ ምስክሮች፣ በተለይ ከባጃጁ ሲወርድ የነበረው ተሳፋሪ ያስፈልጋሉ። ምርመራ አልተደረገም ከተባላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። መቆም ሲያቅተው ያዩ ሰዎች ምስክር ይሆናሉ። ሰው ስልክ ቀይሮ ሳይጠፋ አሁኑኑ ፈልጓቸው።

ስለ ገንዘቡ መጠን ደግሞ፦ ሕጉ ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል። እስካሁን የወጣ የሕክምና፣ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ወጪ በደረሰኝ ይቀርባል። ብረቱን ለማውጣት ሌላ ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልግ ሐኪሙ ከጻፈ፣ መሆኑ እርግጠኛ የሆነ የወደፊት ጉዳት በቁጥር 2092 ዛሬውኑ ይጠየቃል። ትልቁ ድርሻ ግን የቀረው የሥራ ገቢ ነው። ባጃጅ ነጂ የደመወዝ ወረቀት ስለሌለው ብዙዎች እዚህ ላይ ይሸነፋሉ። የባጃጁ ባለንብረት በቀን ስንት ይገባለት እንደነበር፣ የተራው ልጆችም አንድ ሰው ገቢውንና ነዳጁን አውጥቶ ምን እንደሚተርፈው ይመስክሩ። ልኩን በትክክል ማስረዳት ካልተቻለም ዳኛው በቁጥር 2102 በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን ይወስናል።

ስሌቱ እንዲገባችሁ ለምሳሌ ያህል ልሥራው። በወር የሚተርፋቸው 6,000 ብር ቢሆን በዓመት 72,000 ብር ነው። እስከ 60 ዓመት 26 ዓመት ቀርቷቸዋል። የሐኪሞች ቦርድ ዘላቂ ጉዳቱን 30 በመቶ ቢለው 561,600 ብር ይመጣል። ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ስለሚከፈል ወይም በሌላ ምክንያት ሊቀንሰው ይችላል። ቢሆንም ከ60 ሺህ ብር ጋር አስተያዩት። ስለዚህ የቦርዱን ማስረጃ ቶሎ አስወጡ፤ ያለ መቶኛው ስሌቱ አይጀመርም።

ለደረሰባቸው ስቃይ የሚከፈለው የሕሊና ካሳ ግን ከ1,000 ብር አይበልጥም። ቁጥር 2116 በ1952 ዓ.ም. የወሰነው ነው። ለሰባት ወር ሕመም 1,000 ብር! ይህ ጣሪያ መቀየር ነበረበት ብዬ አምናለሁ፤ እስከዚያው ኃይላችሁን በገቢው ላይ አድርጉ።

ጊዜያችሁ ከአደጋው ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። በወንጀል ጉዳይ ሊረዝም የሚችልበት ሁኔታ አለ፤ እናንተ ግን 2 ዓመቱን ብቻ ቁጠሩ። የወንጀሉ መዝገብ እስኪያልቅ መጠበቅም ግዴታ የለባችሁም። ሹፌሩ እዚያ በነፃ ቢለቀቅ እንኳ በቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ አይታሰርም።

የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ክሱን በዚያ ቋንቋ አጽፉ። ለዳኝነት የሚከፈል ከሌላችሁ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ይዛችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ትችላላችሁ፤ አያሳፍርም። ባለቤትዎ መመላለስ ካልቻሉ ውክልና ይስጡዎት። ክሱ በሚገባበት ቀን ደግሞ የፒክአፑ ሊብሬ ወደ ሌላ ሰው እንዳይዞር ዕግድ ጠይቁ። መኪናው ከተሸጠ በኋላ የሚመጣ ፍርድ የሚያርፍበት ንብረት ሊያጣ ይችላል።