ቡችላሽን በሽቦ ቤት ቆልፈሽ ሥራ ልትሄጂ ላሰብሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤው ነበር፤ በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልመሰለኝ ዛሬ ጊዜ ወስጄ እጽፍልሻለሁ። ሌሎችም እንዲከታተሉት ጉዳይሽን በአጭሩ ላስታውስ። የምትኖሪው ደብረ ማርቆስ፣ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ትወጫለሽ፣ ለምሳ ስድስት ሰዓት ተኩል ተመልሰሽ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ እንደገና ትሄጃለሽ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ቤትሽ ትደርሻለሽ። ሁለት ወር የሞላው የጀርመን ሸፐርድ ድቅል ቡችላ ወስደሻል። አንዱ «የሽቦ ቤት አሠርተሽ ቆልፈሽበት ሂጂ» ይልሻል፣ ሌላው «ገመድ ይበቃዋል» ይልሻል፣ አከራይሽ ደግሞ «ውሻ ከቤት አይገባም» ብለውሻል።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። የሽቦ ቤቱን አሠሪለት፣ እንዲተኛበትም አለማምጂው። በዚህ ዕድሜው ግን ቆልፈሽበት ቢሮ አትዋይ። ስለዚህ ነገር የሚከራከሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨቃጨቁት «ጭካኔ ነው፣ አይደለም» እያሉ ነው። እኔ ውሾች ሳሳድግ እንዳየሁት ጉዳቱንም ጥቅሙንም የሚወስነው በሩ ተዘግቶ የሚቆይበት ሰዓት ነው። በውጭ አገርም ቢሆን ስምምነት የለም። አሜሪካ ውስጥ ቡችላን በሣጥን እያስተኙ ማሳደግ የተለመደ ነው፤ ስዊድንና ፊንላንድ ደግሞ ከጉዞና ከመሳሰለው በስተቀር ውሻን ቤት ውስጥ በተዘጋ ሣጥን ማቆየትን በሕግ ከልክለዋል። ስለዚህ «ፈረንጆቹ እንዲህ ያደርጋሉ» የሚለው ክርክር ለአንቺ ውሳኔ አይጠቅምሽም። የሚጠቅምሽ የቡችላሽን አቅም ማወቅ ነው።

የሁለት ወር ቡችላ ነቅቶ እያለ ሽንቱን መያዝ የሚችለው ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። በግርድፉ የሚሰላው በወር ዕድሜው ላይ አንድ ተጨምሮ ነው፤ ለሁለት ወሩ ሦስት ሰዓት፣ ለአራት ወሩ አምስት ሰዓት ይመጣል። ይህ የመጨረሻው ጣሪያ ነው፣ በየቀኑ የሚጠየቅ አይደለም። አንቺ ደግሞ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላም ከዚያ የማያንስ ጊዜ ትርቂያለሽ። ሒሳቡ አይገጥምም።

ይህ ለምን እንደሚከብድ ላስረዳሽ። ውሻ የሚተኛበትን ቦታ ማቆሸሽ አይወድም። ቡችሎች ገና በእግራቸው መቆም እንደጀመሩ፣ ሦስት ሳምንት ሲሆናቸው፣ እናታቸው ከምታጠባቸው ቦታ ትንሽ ራቅ ብለው መሽናት ይጀምራሉ። የሽቦ ቤት ጥቅሙ ሁሉ የቆመው በዚህ ጠባይ ላይ ነው፤ ቦታው ጠባብና የእሱ መኝታ ስለሆነ እስኪወጣ ይታገሣል። ከአቅሙ በላይ ሲዘጋበት ግን ሳይወድ በግዱ መኝታው ላይ ይሸናል፣ እርጥቡ ላይ ይተኛል፣ ውሎ አድሮ ሽንቱ ላይ መተኛት ምንም አይመስለውም። አንዴ ያ ተፈጥሯዊ ንጽሕናው ከጠፋ በኋላ ውጭ መጸዳዳትን ማስተማር ከመጀመሪያው በብዙ እጥፍ ይከብዳል።

ባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ስኖር አንድ ጎረቤቴ ቡችላውን ከጠዋት እስከ ማታ እየቆለፈበት ይሄድ ነበር። ሰውየው ውሻ የሚወድ፣ ጥሩ ሰው ነበር፤ ያደረገውም ቡችላው የኤሌክትሪክ ገመድ እንዳያኝክበት ፈርቶ ነው። አንድ ቀን ሥራ ሲያመሽበት ቁልፉን ልኮልኝ ገባሁ። የቡችላው አገጭና ደረት በለሃጭ ርሶ ተጣብቋል፤ የበሩ የታችኛው ሽቦ ወደ ውጭ ተጎብጧል፤ ድዱ ደምቷል፤ የፊት እግሮቹ ጥፍሮች ጫፋቸው ተፈረካክሷል። በሩን ስከፍትለት ወደ እኔ አልሮጠም። ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመና ተንቀጠቀጠ። እነዚህን ምልክቶች ያየሽ ቀን፣ ማለትም ለሃጭ፣ የተጎበጠ ሽቦ፣ የተሰበረ ጥፍር፣ ጉዳዩ እልህ ወይም መሞላቀቅ እንዳይመስልሽ። ፍርሃት ነው። «ተዪው ያልቅስ፣ ይለምደዋል» የሚሉሽን አትስሚ፤ እንዲህ ያለ ቡችላ ደክሞት ዝም ይላል እንጂ አይለምደውም።

ገመዱንም እርሺው። ቡችላ በገመድ ሲታሰር ራሱን ጠምጥሞ ያንቃል፤ ታስሮ ያደገ ውሻ ደግሞ መሸሽ እንደማይችል ስለሚያውቅ የቀረበውን ሁሉ መንከስ ይጀምራል። በምሽት ጅብ ከከተማው ዳር እየገባ በሚጮኽበት በእኛ አካባቢ ታስሮ ውጭ የሚያድር ቡችላ ነገር ባይነሳ ይሻላል። ገጠር ያሉ ዘመዶቻችን ውሻን እንዲህ እንዲያ ሳይሉ ያሳደጉት እኮ ቤቱ ባዶ ስለማይሆን ነው። አያት ደጃፍ ላይ ጥጥ ትፈትላለች፣ ልጆች ይገባሉ ይወጣሉ፣ እናቱም አጠገቡ ናት። ቡችላ ብቻውን የሚውልበት ቤት የመጣው ከእኛ ከደመወዝተኞቹ ጋር ነው፤ ስለዚህ መፍትሔውንም እኛው ማሰብ አለብን።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የማደርገው ይህን ነው። አንድ ጥግ በጣውላ ወይም በሽቦ ከልዪለት፤ ቁመቱ ዘሎ የማይሻገረው ይሁን። በአንዱ ጫፍ የሽቦ ቤቱን በሩን ከፍተሽ አስቀምጪው፣ ውስጡ መኝታው ይሁን። በሌላው ጫፍ ጋዜጣ አንጥፊለት። ሲጨንቀው ከመኝታው ወጥቶ እዚያ ይሸናል፣ ተመልሶ ደረቅ ቦታ ላይ ይተኛል። የሁለት ወር ቡችላ በቀን አሥራ ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለሚተኛ አብዛኛውን ጊዜ በእንቅልፍ ያሳልፈዋል። ከዚያ ደግሞ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማና ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ሰው ብቅ ብሎ እንዲያወጣው አድርጊ። የአከራይሽ ልጅ፣ ትምህርቷ በፈረቃ የሆነ የጎረቤት ልጅ፣ ቡና ሲፈላ ከቤት የማይጠፉ ጎረቤት፣ ማንም ይሁን። ለደብተር መግዣ የምትሰጪያት ትንሽ ገንዘብ በኋላ ከምታጥቢው ምንጣፍ ትረክሳለች።

አከራይሽ «ከቤት አይገባም» ማለታቸው አያስቀይምሽ። ብዙ ቤት፣ በተለይ ሃይማኖቱን አጥባቂ በሆነ ቤት፣ ያደግንበት ሥርዓት ነው፤ ተከራክረሽም አታሸንፊያቸውም። በረንዳው ላይ ከልለሽ እንድታኖሪው ፍቀዱልኝ በያቸው፤ ጽዳቱን በራስሽ እንደምትይዢ ቃል ግቢላቸው፤ ቃልሽንም ጠብቂ። እኔ ያሳደግሁት መከታ የሚባለው ውሻዬ በረንዳ ላይ ነው ያደገው፤ ዝናብ እንዳይመታው በጎን በኩል ላሜራ ተመትቶለት ነበር። ሌሊት ግን በረንዳው ጅብ የማይደፍረው፣ የግቢውም በር የሚዘጋ መሆኑን አረጋግጪ። እዚህ ላይ የሽቦ ቤቱን ብትቆልፊው እደግፍሻለሁ፤ ተኝቶ ስለሚያድር ሽንቱን ከቀኑ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፣ አንቺም በመካከል አንድ ጊዜ ተነሥተሽ ታወጭዋለሽ።

ማለማመዱ ላይ አትቸኩዪ፤ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሩ ፈጽሞ አይዘጋ። ምግቡን ከመግቢያው ጀምረሽ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እያስገባሽ አብዪው። መከታ መጀመሪያ የፊት እግሮቹን ብቻ አስገብቶ፣ የኋላዎቹን ደጅ ላይ አጽንቶ፣ አንገቱን እስከ መጨረሻው እየሳበ ነበር የሚበላው። የኋላ እግሮቹም ተከትለው ሲገቡና እዚያው ጋደም ማለት ሲጀምር፣ ያኔ እየበላ ሳለ በሩን ገርበብ አድርጊ፤ ሳያለቅስ ክፈቺው። ከዚያ ዝጊና አጠገቡ ቁጭ በዪ። ከዚያ ከክፍሉ ወጥተሽ ተመለሺ። ጊዜውን የምታረዝሚው ያለፈው ሳይከብደው ሲቀር ብቻ ነው። ጥፋት ባጠፋ ጊዜ ደግሞ በፍጹም ወደዚያ አታስገቢው፤ መኝታው እስር ቤት ከሆነበት ያለፈው ልፋትሽ ሁሉ ገደል ገባ። ስትወጪም ስትገቢም ብዙ አታሞጋግሺው፤ ስትመለሺ ሳትስሚውና ሳታጫውቺው በቀጥታ ወደሚሸናበት ቦታ ውሰጂው። መሬቱን እያሸተተ መዞር ከጀመረ ደርሷል ማለት ነው፤ ሲጨርስ አመስግኚው።

የአየሩን ነገር ጨምሪበት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ በክረምት የሲሚንቶ ወለል ለሕፃን ቡችላ በጣም ይቀዘቅዛል። ከሥር ጣውላ፣ ከላይ ጆንያ አንጥፊ። የጤፍ ገለባ ይሞቃል፤ ቁንጫ እንዳያፈራ ግን ቶሎ ቶሎ ፀሐይ ላይ አውጪው። ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ ተቃራኒውን ፍሩ። ውሻ እንደ ሰው አያልበውም፤ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው እያለከለከ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቆርቆሮ ሥር የተቆለፈበት ቡችላ የሚሸሽበት ጥላ ስለሌለው በሙቀት ሊሞት ይችላል።

ከሦስት ወር ጀምሮ እስከ ስድስትና ሰባት ወር ጥርሱን ስለሚቀይር ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ሙሉ ካሮት ስጪው፣ ርካሽ ነው፣ አይጎዳውም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋልና አትስጪ። የወጥ ትርፍራፊም ይቅርበት፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራል፣ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ውኃውን በፕላስቲክ ሳይሆን በከባድ ሸክላ አኑሪለት።

ክትባቱ ሳያልቅ ከግቢ ውጭ መሬት ላይ አታውርጂው። ፓርቮ የሚባለው የአንጀት ቫይረስ አፈር ውስጥ ወራት ሙሉ ይቆያል፣ ቡችላንም በጥቂት ቀናት ይገድላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጠዋል፤ አቅራቢያሽ ያለውን የእንስሳት ሕክምና ጣቢያ ከአሁኑ ጠይቂ። ሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሞት 99 በመቶ ያህሉ በውሻ አማካይነት የሚመጣ ነውና ቡችላውን የምታወጣልሽ ልጅ ስለምትነካው ይህን ለነገ አትበዪ።

በያጁ ጋ ስትሄጂ ልኩን እንደ አደገ ውሻ ስጪው፤ የጀርመን ሸፐርድ ድቅል ከሆነ አንድ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ ቆሞ ጭንቅላቱ የማይነካው ከፍታ ያስፈልገዋል። አሁን ግን ለእሱ ይሰፋልና መካከሉ ላይ ጣውላ አቁመሽ አጥብቢው፤ ሰፊ ከሆነ አንዱን ጥግ ሽንት ቤት ያደርገዋል። ሲያድግ ጣውላውን እየገፋሽ ታሰፊለታለሽ። የሽቦው ክፍተት ጭንቅላቱም መዳፉም የማያልፍበት ይሁን፤ የብየዳው ጫፍ በሞረድ ይስተካከል። ወደ ውስጥ ሲገባ የአንገት ማሰሪያውን አውልቂለት፤ ሽቦ ላይ ተጠልፎ ያንቀዋል። መቀርቀሪያው ደግሞ በአንድ እጅ የሚከፈት ይሁን፤ አራት ሰዓት ላይ የምትመጣው ልጅ በሌላ እጇ ቡችላውን ትይዛለችና።