ፓወር ቢአይ ልጫን ወይስ ቪኤስ ኮድ?

አንዲት እህት ከጎንደር ጥያቄ ልካልኛለች። ሰሊጥ ነጋዴ ጋር ተቀጥራ ትሠራለች። ከመተማ የሚገባውን ኩንታል በኤክሴል ትመዘግባለች፤ አለቃዋ ደግሞ በየወሩ ግራፍ ይፈልጋል። «ፓወር ቢአይ ልጫን ወይስ ቪኤስ ኮድ? ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ» ትላለች።

እህቴ፣ ፓወር ቢአይ ጫኚ፤ ከሠንጠረዥ መረጃ ግራፍና ሪፖርት የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። ቪኤስ ኮድ ኮድ መጻፊያ ነው፤ ብቻውን ግራፍ አያወጣልሽም። ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ፣ ፓንዳስና ማትፕሎትሊብ ከሚባሉ ተጨማሪዎቹ ጋር መጫን፣ ቋንቋውንም መማር ይጠይቃል። ሸጋ እውቀት ነው፣ ግን ለዚህ ወር ሪፖርት አይደርስልሽም። ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ በነፃ ይወርዳል፤ ኤክሴልሽን እንዳለ ያነባል። አንዴ ከተጫነ ኔትወርክ ቢጠፋም ላፕቶፕሽ ላይ ባለው ፋይል መሥራት ትችያለሽ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የቀኑ ነገር ነው። ጥቅምት 30ን «30/2/2017» ብለሽ ከጻፍሽ ኮምፒውተሩ ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ሊያነበው ይሞክራል። እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ይሄስ ይሻላል፣ ቢያንስ ይታያል። «5/1/2017»ን ግን ዝም ብሎ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይቀበለዋል፤ የመስከረም ሰሊጥሽ ሌላ ወር ውስጥ ይገባል፣ ማንም አያስተውልም።

ስለዚህ ዓመት፣ ወርና ቀንን በሦስት ዓምድ ለያይተሽ መዝግቢ። ወሩን በቁጥር ጻፊ፣ ከ1 እስከ 13። ስሙን በሌላ ዓምድ አድርጊው። «ኅዳር»፣ «ህዳር» እና «ሕዳር» ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ወሮች ናቸውና አንዱን መርጠሽ እሱን ብቻ ተጠቀሚ። ፓወር ቢአይ ወሮቹን በፊደል ተራ ከደረደረብሽ (ከመስከረም ቀጥሎ መጋቢት ይመጣል) የወሩን ስም ምረጪና «ሶርት ባይ ኮለም» በሚለው የቁጥሩን ዓምድ ስጪው።

ለአለቃሽ በፒዲኤፍ አውጥተሽ ስጪው። ሪፖርቱን ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣውን «ፐብሊሽ ቱ ዌብ» የሚለውን ግን እንዳትነኪ። ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ያየዋል፤ የነጋዴ ዋጋ አደባባይ ይወጣል ማለት ነው።

ቪኤስ ኮድን አትርሺው። እነዚህን ቀኖች በሙሉ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሪ የተባልሽ ዕለት በእጅ አንድ በአንድ ከምትለቅሚ፣ አጭር የፓይተን ኮድ ይገላግልሻል።